ሻምበል የገዛው ሰው

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ቤቴ ያለው ኮምፒውተር መርካቶ ወርዶ አንድ ያገለገለ ሰው ገዝቶ ገባ። የተገዛው ሰው እኔ ነበርኩ።

ሻጩ ማያው የተሰነጠቀ ላፕቶፕ ነው። ሰዎቹን ግድግዳ አስደግፎ በመደዳ ደርድሯቸዋል። አንዳንዶቹ ደረታቸው ላይ «ይሠራል»፣ አንዳንዶቹ «ለመለዋወጫ» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። እኔ ላይ ምንም አልተለጠፈም፤ ይህ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ኮምፒውተሩ ጉልበቴን መታ መታ አደረገ፤ ጆሮዬን ገልብጦ አየ፤ አፌን አስከፍቶ ወደ ውስጥ እፍ አለብኝ። አቧራ ቡን ብሎ ወጣ።

«ይሞቃል?» አለ።

«ኧረ በፍጹም! ንጹሕ የቢሮ ዕቃ ነው። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው» አለ ላፕቶፑ።

«ድምፅስ ያሰማል?»

«ትንሽ ያጉረመርማል። ሥራ ግን አያቆምም።»

ተስማሙ። ኮምፒውተሩ በማዳበሪያ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ ጣለኝና ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሞኝ ወጣ። ደረጃው ላይ ሁለቴ አረፈ እንጂ አንዴም አላማረረም። እኔ እሱን ያመጣሁት ቀን ከታች እስከ ላይ እየተራገምኩ ነበር የወጣሁት። ሳሎን እንደገባን ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ ድሮ እሱ ይቀመጥባት በነበረችው ጥግ ውስጥ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሸጎጠኝ።

«አየር እንዲያገኝ ነው» ብሎ ለግድግዳው አስረዳ።

ይህን ኮምፒውተር ሳላስተዋውቃችሁ ሕልሙን ብቀጥል ልክ አይሆንም። ስሙ ሻምበል ነው። በውኑ ዓለም የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ያረጀ የቢሮ ዕቃ ነው። ሲበራ እንደ አዛዥ ስለሚጮህ ስሙን ያወጣችለት ባለቤቴ ትርሲት ናት። ማያ የለውም፣ ኪቦርድ የለውም፤ ቀን ከሌት በርቶ ከቴሌቪዥኑ ሥር ይቀመጣል። እኔ ደግሞ በላፕቶፔ በኩል በሆዱ ውስጥ ቨርቹዋል ማሽን የሚባሉ፣ በአካል የሌሉ ኮምፒውተሮች እየከፈትኩ፣ በእያንዳንዳቸው ላይ ሶፍትዌር እየጫንኩ የዕረፍት ቀኔን እጨርሳለሁ። አንዱ ፎቶ ይጠብቃል፣ አንዱ ፊልም ያሳያል፣ አንዱ ምን እንደሚሠራ እኔም ረስቼዋለሁ። ሌላው ሰው እሑድ ኳስ ያያል፤ እኔ «ተጭኗል» የሚል ጽሑፍ እስኪወጣ አፍጥጬ እጠብቃለሁ። ትርሲት «ለምን ከሱ ጋር አትጋባም?» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ከነዚያ በአካል ከሌሉት ኮምፒውተሮች በአንዱ ውስጥ ግን አባቴ አለ።

አባቴ አቶ መኩሪያ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ጠዋት ጠዋት ማንም ከቤት ሳይወጣ ቆሞ ይመርቃል። ሳይመረቅ ያመለጠ ሰው ካለ መስኮት ከፍቶ ከፎቅ ላይ ይመርቀዋል፤ መንገደኛው ሁሉ ቀና ብሎ «አሜን» ይላል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ስልኬን የማይ እየመሰልኩ ድምፁን እቀዳው ነበር። ስድሳ ሦስት ምርቃት ቀዳሁ። ከዚያ ሞተ። የቀዳሁበት ስልክ ደግሞ ሜክሲኮ ታክሲ ስጋፋ ተሰረቀ፤ ደግነቱ ድምፁን አስቀድሜ ለሻምበል ሰጥቼው ነበር።

እናቴ ወይዘሮ አልታዬ ከሱ ሞት በኋላ ነገሮች ይጠፉባት ጀመር። መጀመሪያ የመነጽሯ ቦታ ጠፋባት፣ ቀጥሎ የጎረቤት ስም፣ በመጨረሻ የባሏ መሞት። አሁን ቁርስ ሲቀርብላት «መኩሪያ ይመርቅ» ትላለች። ምርቃቱን ሳትሰማ እህል አትቀምስም፣ የደም ግፊት ኪኒኗንም አትውጥም። ስለዚህ ሻምበል ድምፁን ያወጣል፤ ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ ያስቀመጥኩት ስፒከር ይመርቃል፤ እሷ «አሜን» ትልና ትበላለች። አንድ ጊዜ ስፒከሩ ተበላሽቶ ሁለት ቀን ምንም ሳትቀምስ ቀርታ ተሸክመን ነው ሐኪም ቤት ያደረስናት። የእናቴ ነፍስ በዚያ ሣጥን ላይ እንደተንጠለጠለች አውቃለሁ። መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ፣ ዩፒኤስ፣ የገዛሁትም ለዚሁ ነው።

ትናንት እሑድ ለሻምበል አዲስ ማሽን ስከፍትለት፣ አዲስ ሶፍትዌር ስጭንበት ዋልኩ። ቦታ ስለጠበበው ማጽጃ ፕሮግራምም አስገባሁበትና ጽዳቱንም የቀረውን ጭነትም ለሱ ትቼ ተኛሁ። ሕልሙ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

እና ከቴሌቪዥኑ ሥር ተሸጉጬ ሳለሁ ሻምበል ባለሙያ አስጠራ። የመጣው ኢንተርኔት የሚያከፋፍለው ራውተር ነበር፤ ሁለት ቀንድ ያለው፣ ዓይኑ አረንጓዴ፣ እንደ ሽማግሌ የሚያስል።

«ስንት ሰው ይወጣዋል?» አለው ሻምበል።

ራውተሩ ወገቤን በስንዝር ለካ። «አራት ይወጣዋል። አምስት ካልክ ይንቀጠቀጣል።»

መጀመሪያ ውሉ ተነበበ። በዚያ አገር ማንም ሳያነብ «እስማማለሁ» ማለት አይችልም። ውሉ መቶ አርባ ገጽ ነው፤ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ሰሚው ካዛጋ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። ሻምበል ሦስት ጊዜ አዛጋ።

ከዚያ እኔን ውብሸትን አራት ቦታ ከፈሉኝ። አልደማሁም። አንደኛው ውብሸት ሰልፍ ለመቆም ተመደበ፤ ሁለተኛው የአለቃ ቁጣ ለመቀበል። ሦስተኛው ሌላ ሥራ አልነበረውም፤ የአባቴን ድምፅ ታቅፎ ቁጭ አለ። አራተኛው ባዶ ነበር፤ ገና የተከፈተ፣ ቀለሙ እንኳ ያልደረቀ። ለአራታችን ያለን ሳንባ አንድ ብቻ ስለሆነ ራውተሩ «ተራ በተራ ተንፍሱ!» እያለ ያስተናብረን ጀመር። አራተኛው ግን ተራ አያውቅም፤ የኔን ትንፋሽ ይወስድብኛል።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ አዲስ ነኝ» አለኝ።

«ችግር የለም። አባዬን ታውቀዋለህ?»

«ማነው እሱ?»

ፈራሁ። በኔ ሆድ ውስጥ፣ በኔው ፊትና በኔው ድምፅ፣ አባቴን የማያውቅ ሰው ተቀምጧል። ዓይኑ ደግሞ ደስ ሲል! ምንም ያላየ ዓይን ነው።

የሚጫንብኝ ሶፍትዌር «እሺታ» ይባላል። ራውተሩ እንዳለው የቢሮ ሰው ሁሉ ያለው ነው፤ እኔ ላይ የነበረው ግን ያረጀ ዕትም ሆኖ አልፎ አልፎ «ለምን?» ይላል። ኬብሉን እምብርቴ ላይ ሰኩና መጫን ጀመሩ። አሥር በመቶ። ሠላሳ በመቶ። ሠላሳ ሁለት ላይ «ግን» የሚለው ቃል ከአፌ ጠፋ። ስልሳ ላይ «እንዴት ተደርጎ!» ማለት አቃተኝ። ዘጠና ዘጠኝ ላይ ደርሶ ቆመ። እዚያው ቀረ። የሻምበል ልጆች፣ ሦስት ትንንሽ ስልኮች፣ ከበውኝ ያዩ ነበር። እየጠበቁ አደጉ፣ አገቡ፣ አንዷ ወለደች፤ እኔ አሁንም ዘጠና ዘጠኝ ላይ ነኝ። በመጨረሻ ግንባሬ ላይ ጽሑፍ ወጣ። ሻምበል መነጽሩን አድርጎ አነበበው።

«ቦታ አይበቃም።»

«እናራግፈዋ!» አለ ራውተሩ።

«የማባዣ ሠንጠረዡን ውሰዱ» አልኩ። ወሰዱ። የመሥሪያ ቤቱን ሰዎች ስም በሙሉ ሰጠሁ። አልበቃም። ያደግኩበትን ሰፈር ከዳገቱ እስከ ወንዙ፣ ከነጭቃው ሰጠሁ። አልበቃም። ትርሲትን መጀመሪያ ያየሁበትን ቀን ዝናብ ሰጠሁ። እሱም ይህ ነው የሚባል ቦታ አልነበረውም። ለካ እድሜዬን ሙሉ ከባድ ናቸው ብዬ የተሸከምኳቸው ነገሮች ክብደት የላቸውም።

ራውተሩ አንገቱን አስግጎ ወደ ሦስተኛው ውብሸት አየ።

«ያ ደግሞ ምን አቅፎ ነው የሚኮራው?»

«አባቴ ነው። እሱን እንዳትነኩ!»

«አሮጌ ዕቃ ይመስላል።»

«እናቴ እህል የምትቀምሰው በሱ ነው! እሱ ጠፋ ማለት እሷ ሞተች ማለት ነው!»

ሻምበል በረዥሙ ተነፈሰ። «ያገለገለ ሰው መግዛት ጣጣው ይሄ ነው። ከነቤተሰቡ ይመጣል» አለ። ክፉ አልነበረም፤ የደከመው ባለቤት ድምፅ ነው የነበረው። እኔም በሱ ላይ ስንት ጊዜ እንዲህ አውርቻለሁ።

ለማጥፋት ከወረዳ ማስረጃ ያስፈልጋል ተባለና ልንሄድ ተነሣን። ከመውጣታችን በፊት ብልጠት መጣልኝ። ሦስተኛውን ውብሸት ጠርቼ በጆሮው «አንድ ቅጂ ለሁለተኛው ስጠው፤ አንዱ ቢያዝ ሌላው ይተርፋል» አልኩት። ቀዳና ሰጠው። ሁለተኛው በአለቃ ቁጣ መሃል አባቴን ሸጎጠው። ኮራሁ። ሁለት ቦታ አስቀምጫለሁ!

ወደ ወረዳው በታክሲ ሄድን። እዚያ አገር ታክሲው ነው ተሳፋሪው፤ ሰዎች ትከሻቸው ላይ ተሸክመውት ይሮጣሉ፤ ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ «ወራጅ አለ! ታክሲው ይወርዳል!» እያለ ይጮኻል። በግ ተራ ስናልፍ በጎቹ ለበዓል ሰው እየመረጡ ነበር። አንድ ሙክት የጎረቤቴን ወገብ ጨበጥ ጨበጥ አድርጎ «ይሄ ሥጋ የለውም፤ ሐሳብ ብቻ ነው» ብሎ ተወው። ጎረቤቴ ተቀየመ።

ትንሽ አለፍ ብሎ የለቅሶ ድንኳን ተጥሏል። ውስጡ የተቀመጡት ሙታን ናቸው፤ ጥቁር ለብሰው፣ አገጫቸውን ይዘው፣ መሃል ለተቀመጠ አንድ ሕያው ሰውዬ ያለቅሳሉ።

«ምን አገኘው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ኖረ» አለችኝ አንዲት ሟች፣ ዕንባዋን እየጠረገች። «ገና በጧቱ ተነሥቶ ኖረ።»

አባቴን በመካከላቸው ፈለግሁት። በየወንበሩ ዞርኩ፣ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየሁ። ድንኳኑ ጥግ የተቀመጡ ሽማግሌ ምን እንደምፈልግ ገብቷቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መኩሪያ እዚህ አይመጣም ልጄ። እሱ ገና ሥራ ላይ ነው» አሉኝ።

ደስም አለኝ፤ አፈርኩም። ሰው ሞቶ እንኳ እንዳያርፍ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ወረዳው ግቢ ሠራተኞቹ በሙሉ፣ ኃላፊው ሳይቀሩ፣ ፋይላቸውን ደረታቸው ላይ ታቅፈው ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። ባለጉዳዮቹ ውስጥ ተቀምጠው በመስኮት ያስተናግዷቸዋል። አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ መታወቂያ በሁለት እጁ ይዞ አንዲት ሴትዮ ይለምናል።

«ይውሰዱልኝ እባክዎ እመቤቴ፤ በስምዎ ነው የተሠራው።»

ሴትዮዋ ሻይዋን ፉት አለች። «ዛሬ አልቀበልም። ሰኞ ተመለስ፤ ሁለት ጉርድ ፎቶ ይዘህ።»

«ዓመት ሙሉ ተመላለስኩ እኮ!»

«እኔ ምን ላድርግህ? ሰው የለም።»

መስኮቶቹ ላይ ሁሉ «ሰው የለም» የሚል ተለጥፏል፤ ሰዎቹም ከማስታወቂያው ሥር ተቀምጠዋል። አልዋሽም፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እዚህ መስኮት ላይ «ሲስተም የለም» ተብዬ የተመለስኩባቸው ቀናት ሁሉ የተካሱልኝ መሰለኝ። ቆሜ ባየሁ ደስ ባለኝ፤ ግን ልክ ተራዬ ሲደርስ መብራት ጠፋ።

እዚያ መብራት ሲጠፋ የሚጠፉት ሰዎቹ ናቸው። ከግቢው በር ጀምሮ አንድ በአንድ ጭልም፣ ጭልም እያሉ መጡ። ሴትዮዋ የሻይ ብርጭቆዋን እንደያዘች ጨለመች። አምፖሎቹ ምንም አልሆኑም፤ «ዛሬም ሰው ጠፋ! ሳያስታውቁ!» እያሉ ያማርራሉ። እኔ የተሰካሁት ዩፒኤስ ላይ ስለነበር አልጠፋሁም። በጨለሙት ሰዎች መካከል እየተሹለከለክሁ ስሄድ እናቴን አየኋት። በቤታችን ጠረጴዛ ተቀምጣለች፤ ጠረጴዛው ያለው አስፋልት መሃል ነው። ፍርፍሩ አልተነካም። ኪኒኗ ሳህኑ ጫፍ ላይ ነው። ከጣቶቿ ጀምራ መጥፋት ይዛለች።

«ውብዬ» አለችኝ። «አባትህ አልተነሣም?»

«እየመጣ ነው እማዬ። አንቺ ብይ።»

«ሳይመርቅ?»

«በሞቴ ብይልኝ። አንዴ ጉረሺ።»

«እንደ ከብት ዝም ብዬ ልብላ?» አለችና ፈገግ አለች። «ግዴለም እጠብቀዋለሁ። የት ይሄዳል?»

ጨለማው ወደ ክንዷ ወጣ። እጇን ልይዝ ስዘረጋ የተሰካሁበት ኬብል አጠረኝ። ጎተትኩት። ጎተተኝ።

ወዲያው ችሎት ውስጥ ነበርኩ።

ዳኛው ያረጀ ፕሪንተር ነው። እዚያ ተከሳሹ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ዳኛው ከታች እጁን አጣምሮ ይቆማል፤ ፍርዱንም የሚሰጠው ተከሳሹ ራሱ ነው። ዳኛው የሚለምነው «እሺ» እንዲባልለት ብቻ ነው። አባቴን በጋሪ እየገፉ አመጡት። ስድሳ ሦስት ቡናማ ፖስታ ሆኗል። በየፖስታው ላይ በኔ የእጅ ጽሑፍ ዓመት ተጽፏል። ጋሪው ድንጋይ ሲመታው ከአንዱ ፖስታ ውስጥ «ወጥታችሁ ግቡ» የሚል ድምፅ ወጣ። ችሎቱ ሁሉ ሳያስበው «አሜን» አለ። ዳኛውም አለ።

«ሕጉ አጭር ነው ጌታዬ» አለኝ ዳኛው። «ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው ይጠፋል። ያልሞላው ይቀመጣል። እኛም ጨካኞች አይደለንም።»

ልቤ መለስ አለ። «እንዲህ ከሆነ ተርፏል! የመጨረሻው የተቀዳው በ2012 ነው፤ ገና አምስት ዓመቱ። የመጀመሪያው እንኳ በ2008 ነው፤ ዘጠኝ ቢሆነው ነው።»

የችሎቱ ጸሐፊ ካልኩሌተር ነበረች። ራሷን ነካ ነካ አደረገች።

«2012። አሥራ ሦስት ዓመት» አለች።

«አምስት!»

«2008። አሥራ ሰባት ዓመት።»

«ዛሬ እኮ 2017 ነው! ከዚያ ላይ ቀንሺዋ!» የማባዣ ሠንጠረዡን ሰጥቻለሁ፤ መቀነስ ግን ገና አልወሰዱብኝም ነበር። «አምስት ነው!»

«ዛሬ 2025 ነው።»

«እሱ በፈረንጅ ነው!»

«ይህ ችሎት ሌላ አያውቅም» አለች። ቁጣ የለባትም፤ ጨርሶ አልገባትም ነበር።

ዳኛው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። «ጌታዬ፣ ፖስታዎቹ ላይ ዓመቱን የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«በየትኛው አቆጣጠር?»

«በኛ ነዋ! በየትኛው ልጽፍ ኖሯል? አባቴ የሞተው በኛ፣ የተቀበረው በኛ...»

«ለማጽጃው ይህን ነግረውታል?»

አራታችን እርስ በርስ ተያየን።

«እንግዲያው ስምንት ዓመት ያስረጇቸው እርስዎ ነዎት» አለ ዳኛው፤ ከልቡ አዝኖልኛል። «እኛ የተጻፈውን ነው የምናነበው። እሺ ይበሉና እንገላገል።»

እምቢ ልል አፌን ከፈትኩ። ትንፋሽ አልነበረኝም። ሳንባው የአራተኛው ተራ ነበር። ለካ ራውተሩ «እሺታ»ን በባዶው ላይ ጭኖ ጨርሷል፤ መቶ በመቶ። አባቴን የማያውቀው ውብሸት ፈገግ አለና በኔ አፍ «እሺ» አለ።

ሦስተኛው ጮኸ፤ ድምፁ ግን ትንፋሽ ስላልነበረው አልወጣም። ሁለተኛው የደበቀውን ቅጂ ይዞ ሊሸሽ ሞከረ። ወዴት ይሸሻል? ያለው እኔው ሆድ ውስጥ ነው። ከቁጣው መሃል መዥርጠው አወጡት። ፕሪንተሩ ፖስታዎቹን አንድ በአንድ እየዋጠ ነጭ ወረቀት አድርጎ ያወጣ ጀመር፤ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ይቅርታ ጌታዬ» እያለ። ስድሳ ሁለት ዋጠ። በመጨረሻው ፖስታ አባቴ «ወጥታችሁ» አለ። ቀሪውን ጠበቅን። ችሎቱ «አሜን» ሊል አፉን እንደከፈተ ቀረ።

ነቃሁ።

ጠዋት ነው፤ ፀሐይ መጋረጃው ላይ ወጥታለች፤ ከወጥ ቤት የሳህን ድምፅ ይሰማል። መጀመሪያ ሳቅኩ። ጌታዬ የሚል ፕሪንተር! ለትርሲት የምነግራትን በልቤ አሰማመርኩ። ካልኩሌተሯ ጋ ስደርስ ሳቄ ቆመ። የአባቴ ድምፅ ያለባቸውን ፎልደሮች በኛ ዓመት የሰየምኳቸው እኔ ነኝ። ማታ «ከአሥር ዓመት በላይ የሆነውን አጥፋ» ያልኩትም እኔ ነኝ። ማጽጃው ደግሞ ዓመቱን የሚያነበው ከፎልደሩ ስም ላይ ነው።

በባዶ እግሬ ሳሎን ሮጬ ላፕቶፔን ከፈትኩ። «ጽዳት ተጠናቋል» ይላል። 2008 የለም። 2009 የለም። 2012 የለም። ሰው ሁሉ ዕቃውን ሁለት ቦታ እንዲያስቀምጥ የምመክር ሰው ነኝ፤ ሁለተኛውን ቅጂ ያስቀመጥኩት በሌላ ማሽን ላይ ነበር፤ ሌላው ማሽንም ያለው እዚያው ሻምበል ሆድ ውስጥ ነው። የጠፋውን ፈልጌ እንዳላወጣ አዲሱ ማሽን ሌሊቱን ሙሉ በላዩ ላይ ሲጫን አድሯል። የተረፈው ከ2015 ወዲህ ያለው ነው፤ የመብራት ቆጣሪ ፎቶ።

«መኩሪያ ይመርቅ» አለች እናቴ ከጠረጴዛው።

ትርሲት ፍርፍሩን አስቀምጣ ቀና ስትል ፊቴን አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«መኩሪያ!»

መኝታ ቤት ገብቼ በሩን መለስ አደረግሁ። ስፒከሩ አጠገብ ቆምኩና ጉሮሮዬን ጠረግሁ። አባቴ ከደረቱ ነበር የሚናገረው፤ እኔም ከደረቴ ላወጣው ታገልኩ።

«ወጥታችሁ ግቡ። ክፉ አይንካችሁ። እጃችሁ የነካው ይባረክ።»

«አሜን» አለች እናቴ። ቆየት ብላ ደግማ «አሜን» አለች። ከዚያ ሳህን ሲገፋ ሰማሁ።

«ትርሲት፣ ድምፁ ሰልሏል። ይሄ ሰው ከመቼ ጀምሮ ነው እህል ያልቀመሰው?»

«በልተዋል እማማ።»

«አልበላም፤ እኔ አውቀዋለሁ። ሰው እየመረቀ እሱ ጦሙን ይውላል። ይሄን ውሰጂለት። ሲበላ ካልሰማሁ አልቀምስም።»

በሩ ገርበብ አለ። ትርሲት ዕንባዋን በክንዷ እየጠረገች ሳህኑን አቀበለችኝ። ከጠረጴዛው በኩል ምንም ድምፅ የለም፤ እናቴ እያዳመጠች ነው። እዚያው በሩ ጀርባ ቆሜ፣ እንድትሰማኝ ጮክ አድርጌ እያላመጥኩ፣ የእናቴን ቁርስ በላሁ።